ፊርማው የማን ነው?



እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1960 ማብቂያ ላይ፣ ያኔ ሊዮፖልድቪል ትባል በነበረችው በኪንሻሳ አንድ አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ብቅ አለ። ስሙ ሲድኒ ጎትሊብ ነው፤ በሲአይኤ ውስጥ መርዝ ነክ ጉዳዮች የሚመሩት በእሱ ነበር። ኮንጎ የገባው ግን «ጆ ከፓሪስ» ተብሎ ነው። ከጓዙ ውስጥ የላስቲክ ጓንት፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ መርፌና መርዝ ነበረበት። መርዙ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከጠቅላይ ሚኒስትርነት የተገፉት ፓትሪስ ሉሙምባ በሚበሉት ምግብ ወይም በጥርስ ብሩሻቸው ላይ እንዲደረግ የታሰበ ነው።

የተቀበለው የሲአይኤ የኮንጎ ጣቢያ ኃላፊ ላሪ ዴቭሊን ነበር። ዴቭሊን ከዓመታት በኋላ ቃሉን ሲሰጥ እንደተናገረው፣ መርዙን ሲረከብ ይህን ያዘዘው ማነው ብሎ ጠይቋል። ጎትሊብም ፕሬዚዳንቱ ናቸው አለው። ደብዳቤ የለ፣ ፊርማ የለ፣ ማኅተም የለ። ዴቭሊን መርዙን ሳይጠቀምበት አቆይቶ በመጨረሻ ኮንጎ ወንዝ ጣለው። ሉሙምባ በጃንዋሪ 17 ቀን 1961 ካታንጋ ውስጥ የተገደሉት በጥይት ነው፤ የተኮሱት የካታንጋ ወታደሮች ሲሆኑ የቤልጅግ መኮንኖች ከቦታው ነበሩ። በተባበሩት መንግሥታት ባንዲራ ሥር የዘመቱት የኢትዮጵያ ወታደሮችም በዚያው ወቅት ኮንጎ ውስጥ ሰፍረው ነበር። ሰላም ለማስከበር ከሄዱበት አገር ማን ምን እያሴረ እንደነበር የሚነግራቸው አልነበረም።

ዴቭሊን ያነሳውን ጥያቄ የአሜሪካ ሴኔት ያነሳው 15 ዓመት ዘግይቶ ነው። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ሞተዋል፤ የሲአይኤው አለቃ አለን ደለስም ሞተዋል። አስታውሳለሁ ያለው አንድ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበር። ሮበርት ጆንሰን የተባለው ይህ ሰው፣ በኦገስት 18 ቀን 1960 በተደረገው የብሔራዊ ደህንነት ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ፕሬዚዳንቱ ሉሙምባ ይገደሉ የሚል ትእዛዝ የመሰለ ነገር ሲናገሩ መስማቱን መሰከረ። ሌሎቹ ተሰብሳቢዎች አናስታውስም አሉ። ቃለ ጉባኤው ጭጭ ብሏል። ከስብሰባው ስምንት ቀን በኋላ ደለስ ለሊዮፖልድቪል የላኩት ቴሌግራም የሉሙምባን መወገድ አስቸኳይና ቀዳሚ ዓላማ ያደርገዋል፤ «ግደሉ» የሚል ቃል ግን የለበትም። መርማሪዎቹ ትእዛዙ ከፕሬዚዳንቱ የመጣ ይመስላል ከማለት አልፈው ፍርድ መስጠት አልቻሉም።

ዛሬ የሚቀርበው ዲስኩር በዚህች ጉዳይ ላይ ያጠነጥናል። መንግሥት በስውር የሚሠራውን ሥራ ማን ይቆጣጠራል ሲባል፣ ብዙ ሰው ስለ ምስጢርና ስለ ሥነ ምግባር ማውራት ይቀናዋል። ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ ግን ከትእዛዙ ግርጌ የማን ስም አለ የሚለው ነው። የአሜሪካን ታሪክ መከተል የሚበጀውም አሜሪካኖች ከሌላው የተሻሉ ሆነው አይደለም፤ ገመናቸውን ከሌላው ይልቅ በወረቀት ላይ ስላሰፈሩት ነው። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሲአይኤ የተወለደው ፕሬዚዳንት ትሩማን በጁላይ 26 ቀን 1947 በፈረሙት የብሔራዊ ደህንነት ሕግ ነው። ሕጉ ለድርጅቱ የፖሊስነት ሥልጣን አልሰጠውም፤ በአገር ውስጥ ጸጥታ ጉዳይ እጁን እንዳያስገባም ከልክሎታል። መረጃ እንዲሰበስብና እንዲተነትን አዘዘና መጨረሻ ላይ አንዲት በር ገርበብ አድርጎ ተወ፤ ብሔራዊ ደህንነትን የሚመለከቱ ሌሎች ተግባራትንም ሲታዘዝ ይፈጽማል አለ። እነዚያ «ሌሎች ተግባራት» ምን እንደሆኑ ለማየት ዓመት አልፈጀም። በኤፕሪል 1948 በጣሊያን ምርጫ ኮሚኒስቶቹ እንዳያሸንፉ የሲአይኤ ገንዘብ በስውር ወደ ተቀናቃኞቻቸው ፈሰሰ። በጁን ወር ደግሞ የብሔራዊ ደህንነት ምክር ቤት አንድ መመሪያ አወጣ። ስውር ዘመቻ ሁሉ ቢነቃበት እንኳ የአሜሪካ መንግሥት «እኔ የለሁበትም» ብሎ ሊክድ በሚችልበት መንገድ ይታቀድ የሚል ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የመንግሥት ሥራ በየትም አገር በፊርማና በማኅተም ይሄዳል፤ አንድ የቀበሌ መታወቂያ እንኳ ያለ ፊርማ አይወጣም። ይህ መመሪያ ግን ትልቁ የመንግሥት ሥራ፣ የሌላ አገር መንግሥት እስከ መገልበጥ የሚደርሰው ሥራ፣ ያለ አድራሻ እንዲሠራ ደነገገ። የኢራኑ ሞሳዴቅ በ1953፣ የጓቲማላው አርቤንዝ በ1954 የወደቁት በዚህ አሠራር ነው።

ሕግ አውጪው ምክር ቤት፣ ኮንግረሱስ ወዴት ነበር? ነበረ፤ ግን ማወቅ አልፈለገም። በ1956 የሞንታናው ሴናተር ማይክ ማንስፊልድ ሲአይኤን የሚቆጣጠር የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ኮሚቴ ይቋቋም የሚል ሐሳብ ይዘው ቀረቡ። 59 ለ27 ተሸነፉ። ሐሳቡን ከተቃወሙት አንዱ ሴናተር ሌቨረት ሶልተንስቶል የተናገሩት ዛሬም ይገርማል። ችግሩ ሲአይኤዎች አለመናገራቸው ሳይሆን እኛ ለመጠየቅ አለመፈለጋችን ነው፤ እኔ በበኩሌ እንደ ምክር ቤት አባልም እንደ ዜጋም ባላውቃቸው የምመርጣቸው ነገሮች አሉ አሉ። ሰውዬው ቢያንስ አልዋሹም።

አገራችንን የሚነካውም ታሪክ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አስመራ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚልቀው ከፍታዋና ለምድር ወገብ ባላት ቅርበት፣ የሬዲዮ ሞገድ ለመጥለፍ የተመቸች ከተማ ናት። አሜሪካኖች ጣሊያኖች ትተውት በሄዱት የሬዲዮ ጣቢያ ከ1943 ጀምሮ ሰፍረው ነበር። በሜይ 1953 ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር የ25 ዓመት ስምምነት ተፈራረሙ። ጣቢያው በኮሪያ በዘመተው ጦር ስም ቃኘው ተባለ። አስመራ ያደገ ሰው ቃኘውን የሚያስታውሰው በአንቴናዎቹና በአሜሪካኖቹ ነው፤ ውስጥ የሚሠራው ግን ጆሮ ጠቢነት ነበር። ኪራዩ ደግሞ በመሣሪያና በወታደራዊ ሥልጠና ይከፈል ነበር።

ከዚህ ጀርባ ሌላ ምስጢር ነበር። በ1960 አሜሪካ 40,000 ሰው ያለው የኢትዮጵያ ጦር ለማደራጀት ልትረዳና የኢትዮጵያ የግዛት አንድነት ጉዳይ እንደሚገዳት ልትገልጽ በምስጢር ቃል ገባች። ይህን ቃል የአሜሪካ ሴኔት አላጸደቀውም፤ አብዛኞቹ አባላቱም አልሰሙትም። የወጣው በ1970 የሚዙሪው ሴናተር ስቱዋርት ሳይሚንግተን የሚመሩት ንዑስ ኮሚቴ አሜሪካ በየአገሩ የገባችውን ውል አንድ በአንድ መፈተሽ ሲጀምር ነው። ባለሥልጣናቱ በዝግ ተጠየቁ፤ የምስክርነቱ ቃል የተወሰነው ክፍል ተቆርጦ በዚያው ዓመት ታተመ። ኢትዮጵያን የሚመለከት የ10 ዓመት ምስጢር አደባባይ የወጣው በዋሽንግተን የምክር ቤት ጥያቄ ነው። ቃኘው ራሱ በ1977 ደርግ ውጡ ብሎ እስኪዘጋው ድረስ ቆየ።

ትልቁ ማዕበል የመጣው ከሳይሚንግተን ምርመራ አራት ዓመት በኋላ ነው። በዲሴምበር 22 ቀን 1974 ጋዜጠኛው ሲሞር ኸርሽ በኒውዮርክ ታይምስ የፊት ገጽ ላይ፣ ሲአይኤ ሕጉ የከለከለውን የአገር ውስጥ ስለላ በጦርነት ተቃዋሚዎች ላይ ሲያካሂድ መኖሩን አወጣ። ፕሬዚዳንት ፎርድ ነገሩን ለማብረድ ራሳቸው አጣሪ ኮሚሽን ሰየሙ። ከዚያ በጃንዋሪ 1975 የዚያኑ ጋዜጣ አዘጋጆች ምሳ ጋበዙና፣ ምርመራው ጠልቆ ከሄደ ብዙ ጉድ ይወጣል፣ ግድያ የመሳሰለውም ጭምር፣ አሉ። ወዲያው ይህ ለኅትመት አይደለም ብለው ቢለምኑም የአዋጅ ያህል ነበር። ወሩ ሳይሞላ ወሬው ከጋዜጠኞች ጆሮ ገባ፤ በፌብሩዋሪ ማብቂያ በቴሌቪዥን ተነገረ። ምስጢር ጠባቂዎች ሊሸፍኑ ሲሉ የገለጡት ምስጢር ቢሰበሰብ መጽሐፍ ይወጣዋል።

ሴኔቱ በጃንዋሪ 27 ቀን 1975 በ82 ድምፅ ለ4 መርማሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ሰብሳቢው የአይዳሆው ፍራንክ ቸርች ነበሩ። በሴፕቴምበር 16 በተደረገው ግልጽ ስብሰባ የሲአይኤ ዳይሬክተር ዊልያም ኮልቢ በቴሌቪዥን ካሜራ ፊት ተቀምጠው ስለ አንድ ሽጉጥ ተጠየቁ። ሽጉጡ ጥይት አይተኩስም፤ እጅግ ቀጭን የተመረዘ መርፌ ያስወነጭፋል። ቸርች ብድግ አድርገው ለሁሉ አሳዩት፤ ፎቶግራፉ ዓለምን ዞረ። ከሽጉጡ ይልቅ ትኩረት የሚገባው ግን በዚያ ቀን የተነገረው ሌላው ጉዳይ ነበር። ፕሬዚዳንት ኒክሰን የሥነ ሕይወት መሣሪያዎችና መርዞች ሁሉ እንዲጠፉ አዝዘው ሳለ፣ ከባሕር ዛጎል የተወሰደ 11 ግራም ገደማ መርዝ በሲአይኤ መጋዘን ተቀምጦ ተገኘ። ይቀመጥ ብሎ የፈረመ ሰው አልተገኘም። ይጥፋ የሚለው ትእዛዝ ከታች ሳይፈጸም ቀረ፤ ከላይም የተቆጣጠረ የለም።

ኮሚቴው ያወጣው ሪፖርት በፊደል ካስትሮ ላይ ብቻ ቢያንስ ስምንት የግድያ ሙከራዎች መታቀዳቸውን መዘገበ። ሲአይኤ በኒውዮርክ በኩል የሚያልፉ ወደ 215,000 የሚጠጉ ደብዳቤዎችን ለ20 ዓመታት ሲከፍት መኖሩ ታወቀ። ከተከፈቱት መካከል ሴናተር ቸርች ራሳቸው ለአማታቸው የጻፉት ደብዳቤ ይገኝበታል።

ቸርች መጀመሪያ ላይ ድርጅቱ እንደ ሸፈተ ዝሆን ሳይሆን አልቀረም የሚል ጥርጣሬ ነበራቸው። ማስረጃው ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደ። በተወካዮች ምክር ቤት በኩል በኦቲስ ፓይክ የተመራው መርማሪ ቡድን በቀጥታ ተናገረው፦ ሲአይኤ ከቁጥጥር አልወጣም፤ የፕሬዚዳንቱን ትእዛዝ እስከ መጨረሻው የሚፈጽም ድርጅት ነው። የፓይክ ሪፖርት በምክር ቤቱ ድምፅ እንዲታገድ ተደረገ፤ ሾልኮ ወጥቶ በጋዜጣ ታተመ። ይህ ዲስኩር የሚያዘነብለው ወደ ፓይክ ነው። «ሰላዮቹ አሻፈረኝ ብለው ነው» የሚለው ማብራሪያ ለፖለቲከኞች የሚመች መደበቂያ ነው። በጥቅሉ ሲታይ ሰላዩ የታዘዘውን ነበር የሚሠራው፤ አዛዡ ነው ራሱን የሰወረው።

የምርመራው ጊዜ ንጹሕ ድል አልነበረም። በዲሴምበር 23 ቀን 1975 የሲአይኤ የአቴንስ ጣቢያ ኃላፊ ሪቻርድ ዌልች በቤቱ ደጃፍ ተገደለ። ማንነቱ ከኮሚቴዎቹ ውጭ በሌሎች ኅትመቶች ወጥቶ የነበረ ቢሆንም፣ የዋይት ሀውስ ሰዎች ሐዘኑን በመርማሪዎቹ ላይ አነጣጠሩት። የሕዝቡም ስሜት ከዚያ በኋላ ቀዘቀዘ።

ሆኖም ሕግ ወጥቷል። በዲሴምበር 1974 የወጣው የሂዩዝና የራያን ማሻሻያ፣ ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ስውር ዘመቻው ለአገር ደህንነት አስፈላጊ መሆኑን ካላረጋገጡና ለሚመለከታቸው የምክር ቤት ኮሚቴዎች ካላሳወቁ ለዚያ ሥራ ገንዘብ እንዳይወጣ አገደ። በ1976 ፎርድ ፖለቲካዊ ግድያን በትእዛዝ ከለከሉ፤ በዚያው ዓመት የሴኔቱ፣ በሚቀጥለው ዓመት የተወካዮች ምክር ቤቱ ቋሚ የመረጃ ኮሚቴ ተቋቋመ። ከእንግዲህ «እኔ የለሁበትም» ማለት ሊከብድ ነው ተባለ።

ከብዶ ነበር? ኖቬምበር 1985 ላይ፣ የሬጋን መንግሥት በሊባኖስ የታገቱ አሜሪካውያንን ለማስለቀቅ ብሎ መሣሪያ ወደ ኢራን ይልክ ነበር። አንዱ ጭነት የሄደው በሲአይኤ እገዛ ሲሆን፣ ሕጉ የሚጠይቀው የፕሬዚዳንቱ ውሳኔ አልነበረም። የሲአይኤ ምክትል ዳይሬክተር ጆን ማክማን ይህን ሲሰሙ ያለ ፕሬዚዳንቱ ውሳኔ አንድ እርምጃ አንሄድም አሉ። የድርጅቱ የሕግ ክፍል ሰነዱን አዘጋጀ፤ ያለፈውንም ሥራ ወደ ኋላ ሄዶ እንዲያጸድቅ አድርጎ ጻፈው። ሬጋን በዲሴምበር 5 ፈረሙ። በሚቀጥለው ጃንዋሪ በፈረሙት ሌላ ሰነድ ደግሞ ምክር ቤቱ እንዳይነገረው አዘዙ። ከዚያ በኖቬምበር 1986 አንድ የሊባኖስ መጽሔት ነገሩን አፈነዳው፤ ምርመራም መጣ። የፕሬዚዳንቱ የደህንነት አማካሪ አድሚራል ጆን ፖይንዴክስተር ያንን የዲሴምበሩን ሰነድ ከካዝና አውጥተው ቀደዱት። በምክር ቤት ሲጠየቁም አልካዱም፤ ለፕሬዚዳንቱ አሳፋሪ ስለሚሆን ቀደድኩት አሉ። ከሽያጩ የተገኘው ገንዘብ ለኒካራጓ አማፅያን መዞሩን ለፕሬዚዳንቱ ያልነገሩትም ሆን ብለው፣ ነገሩ ቢወጣ መካድ እንዲችሉ መሆኑን መሰከሩ።

የ1948ቱ መመሪያ በ1987 በምስክር ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ልዩነቱ አሁን የሚቀደድ ወረቀት መኖሩ ነው። ልዩነቱን መናቅ አይገባም፤ ወረቀት በመኖሩ ቀዳጁ ታወቀ፤ ቀዳጁም ለፍርድ ቀረበ። ፍርዱ በይግባኝ ተሽሯል፤ በጉዳዩ ከተከሰሱት ሌሎች ስድስቱን ደግሞ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች ቡሽ በ1992 የገና ዋዜማ ምሕረት አድርገውላቸዋል። በ1991 የወጣው ሕግ ክፍተቱን ለመድፈን ሞከረ፦ ውሳኔው በጽሑፍ ይሁን፣ ወደ ኋላ ሄዶ ያለፈውን አያጽድቅ፣ የአገሪቱን ሕግ የሚጥስ ሥራም አይፍቀድ አለ። የእኛ ሰው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ለእንዲህ ያለው ነው። እያንዳንዱ አንቀጽ የተጻፈው ካለፈ ጥፋት በኋላ ነው።

እዚህ ድረስ የሰማ ሰው ምስጢር የተባለ ሁሉ ይፍረስ ሊል ይችላል። የቤተ እስራኤላውያን ታሪክ ይህን አያስብልም።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ የእስራኤሉ ሞሳድ በሱዳን የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ አሩስ በተባለ ስፍራ፣ ለአውሮፓውያን ጠላቂዎች የመዝናኛ ሆቴል ከፍቶ ነበር። ቱሪስቶቹ እውነተኛ ነበሩ፤ አስተዳዳሪዎቹ ግን ሰላዮች ናቸው። ከጎንደርና ከትግራይ በእግራቸው ተጉዘው በሱዳን መጠለያዎች የገቡ ቤተ እስራኤላውያን በሌሊት በመኪና ወደ ባሕሩ እየተወሰዱ በጀልባ ይሻገሩ ነበር። ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 ድረስ ደግሞ «ዘመቻ ሙሴ» በተባለው የአውሮፕላን ጉዞ ከ6,000 በላይ ሰዎች ከካርቱም በአውሮፓ በኩል እስራኤል ገቡ። ዘመቻው የቆመው በሱዳን ወታደር ወይም በገንዘብ እጦት አይደለም። በእስራኤል ጋዜጦች ወጣ፤ መንግሥትም አመነ፤ የዓረብ አገሮች ተቆጡ፤ የሱዳኑ ፕሬዚዳንት ኒሜሪ በሩን ዘጉ። መጠለያው ውስጥ መቶዎች ቀሩ። በማርች 1985 ከገዳሪፍ አካባቢ በአሜሪካ ወታደራዊ አውሮፕላኖች 500 የሚሆኑትን ያወጣቸው ሌላ ስውር ዘመቻ ነው፤ የሲአይኤ እጅ ነበረበት። በመንገድና በመጠለያ ለሞቱት፣ ቁጥራቸው ወደ 4,000 ለሚገመተው፣ ዛሬ በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ የመታሰቢያ ሐውልት ቆሞላቸዋል። በሱዳን በኩል ኒሜሪ ከወደቁ በኋላ ምክትላቸውና የደህንነት አለቃቸው ዑመር አል ጠይብ በዚሁ ጉዳይ ለፍርድ ቀርበው ተፈርዶባቸዋል።

ስለዚህ ጋዜጣ ላይ ማውጣትና መቆጣጠር አንድ አይደሉም። ዘመቻ ሙሴን በዝግ ክፍል የሚያውቁት፣ የመጠየቅም የማስቆምም ሥልጣን ያላቸው ተመራጮች መኖር ለአንድም ስደተኛ አደጋ አይሆንም ነበር። በነገራችን ላይ ሞሳድ ዛሬም የራሱ ማቋቋሚያ ሕግ የለውም፤ ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው፤ በክኔሴት በኩል የሚያየው የውጭ ጉዳይና የመከላከያ ኮሚቴው ንዑስ ክፍል ነው። የአገር ውስጡ ሺን ቤት እንኳ ሕግ የወጣለት በ2002 ነው። የእንግሊዙ ኤምአይ6 በበኩሉ ከ1909 እስከ 1994 ያለ ሕግ ሠርቷል።

ዝግ ክፍል ግን በራሱ መድኃኒት አይሆንም። ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ የልጅየው የጆርጅ ቡሽ መንግሥት ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ የሰዎችን ግንኙነት መጥለፍ ሲጀምር፣ ለጥቂት የምክር ቤት መሪዎች ብቻ ይነግር ነበር። ሴናተር ጄይ ሮክፌለር በጁላይ 17 ቀን 2003 ገለጻውን ሰምተው ሲወጡ ለምክትል ፕሬዚዳንት ዲክ ቼኒ ደብዳቤ ጻፉ። የጻፉት በእጃቸው ነው፤ ጸሐፊያቸው እንድትተይበው እንኳ ምስጢሩ አይፈቅድም። ቴክኒሻንም የሕግ ባለሙያም ስላልሆንኩ፣ ረዳቶቼንም ማማከር ስለማልችል፣ የሰማሁትን ልመዝነው አልቻልኩም አሉ። ቅጂውንም አሽገው ካዝና ውስጥ አስቀመጡ። ደብዳቤው የታየው ሥራው በዲሴምበር 2005 በጋዜጣ ከወጣ በኋላ ነው።

ሴናተሩን የሚያደንቁ አሉ። ይህ ዲስኩር ግን ካዝና ውስጥ የተቆለፈ ተቃውሞን ቁጥጥር ብሎ መጥራት ይቸግረዋል። የመቃወም ሥልጣን ያለው ሰው ተቃውሞውን ለታሪክ ካስቀመጠ፣ ለታሪክ እንጂ ለአገሩ አልሠራም።

የሴኔቱ የመረጃ ኮሚቴ ጥርስ ያሳየው ሲአይኤ እስረኞችን ያሠቃየበትን መርሐ ግብር ሲመረምር ነው። የምርመራው መነሻ ድርጅቱ በ2005 ያጠፋቸው 92 የቪዲዮ ካሴቶች ነበሩ። የኮሚቴው ሠራተኞች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ገጾችን አገላብጠው 6,700 ገጽ ገደማ ሪፖርት ጻፉ። መካከል ላይ የሲአይኤ ሠራተኞች የኮሚቴውን ኮምፒውተሮች በርብረው ተገኙ፤ ሰብሳቢዋ ሴናተር ዳያን ፋይንስታይን በማርች 2014 በሴኔቱ መድረክ ቆመው አጋለጡ፤ ዳይሬክተሩ ጆን ብሬናን መጀመሪያ ካዱ፣ በኋላ ይቅርታ ጠየቁ። ተቆጣጣሪው ራሱ ተሰለለ። በዲሴምበር 2014 የታተመው ማጠቃለያ፣ ድርጅቱ ስለ እስረኞቹ ምርመራ ውጤት ለምክር ቤቱም ለዋይት ሀውስም የተሳሳተ መረጃ ሲሰጥ እንደነበር ገለጸ። ሙሉው ሪፖርት እስካሁን ለሕዝብ አልወጣም።

የመጨረሻው ምሳሌ የራሳችንን ሰዎች ይመለከታል። አንድ በሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያ አሜሪካዊ ከሌላ ሰው የተላለፈለትን ኢሜይል ከፈተ። ከኢሜይሉ ጋር የተያያዘው ሰነድ ፊንስፓይ የተባለውን የስለላ ሶፍትዌር ኮምፒውተሩ ላይ ጫነበት። ከ2012 መጨረሻ እስከ 2013 መጀመሪያ ለወራት የስካይፕ ጥሪዎቹ ሲቀዱ ነበር ይላል ክሱ። ሰውዬው በ2014 ስሙን ሸሽጎ የኢትዮጵያን መንግሥት በአሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰ። መንግሥት በበኩሉ ያለመከሰስ መብት አለኝ አለ። በማርች 2017 የዋሽንግተን የይግባኝ ፍርድ ቤት መንግሥትን ደገፈ፤ የውጭ መንግሥት በእንዲህ ያለ ጉዳት የሚከሰሰው ድርጊቱ በሙሉ በአሜሪካ ምድር ሲፈጸም ብቻ ነው፣ እዚህ ግን አንዱ ክፍል በውጭ አገር ተፈጽሟል አለ። ሶፍትዌሩን በእርግጥ ማን እንዳዘዘ፣ በማን ፊርማ እንደታዘዘ፣ ምስክር ቀርቦ አልተሰማም። ጉዳዩ ከፍሬ ነገሩ ሳይደርስ ተዘጋ።

ይህ ውሳኔ የሚለው ግልጽ ነው። ስለላው የሚታዘዝበት አገር ምክር ቤት ካልጠየቀ፣ የሚፈጸምበት አገር ፍርድ ቤት አይጠይቅም። ሴናተሮቹ ዴቭሊንን ጠርተው ያስመሰከሩት ዓይነት መድረክ ለሜሪላንዱ ሰው የትም አልተዘጋጀለትም።

ክቡራትና ክቡራን፣ በዚህ አዳራሽ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ ወይም በዋሽንግተን ድምፅ የሚሰጥ ወንድም፣ እህት ወይም ልጅ አላችሁ። ፍርድ ቤቱ የተረጎመው ሕግ የኮንግረስ ሕግ ነው፤ ኮንግረስ ሊያሻሽለው ይችላል። ስልክ ስትደውሉላቸው ይህንንም ንገሯቸው፤ ለተመራጮቻቸው ይጻፉ። እዚህ ያለን ደግሞ ለራሳችን ተወካዮች አንድ ጥያቄ እናቅርብ፦ የስለላ ትእዛዝ ሲወጣ ማን ይፈርማል፣ ከእናንተስ መካከል ያንን ፊርማ የማየት መብት ያለው ማነው? መልሱንም በጽሑፍ እንጠይቅ።